መዛኟ የሥራ አስኪያጁን ግራፍ ለምን ትሸከም? «ኮድ መከፋፈል ትርፍ ድካም ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ እኛ ዌብ የምንሠራ ሰዎች ዘንድ ሲዞር ሰነበተ። ለእኔም ሦስት ጓደኞቼ ላኩልኝ። ርዕሱ «ኮድ መከፋፈል ትርፍ ድካም ነው» ይላል። ጸሐፊው ልምድ ያላቸው ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው። ክርክራቸው ባጭሩ ይኼ ነው። ትልልቅ ዌብ አፕሊኬሽኖችን ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ ክፍል ተጠቃሚው ሲፈልገው ብቻ እንዲወርድ ማድረግ ፋሽን ነው። ኔትወርክ ፈጥኗል። ብራውዘር አንዴ ያወረደውን ያስቀምጣል። ፋይል ሲበዛ ወደ ሰርቨር መመላለስ ይበዛል። ተጠቃሚው በነካ ቁጥር ይጠብቃል። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ገጽ ይሰበራል። ኔት ሲጠፋ ጭራሽ አይከፈትም። ትርፍ ኮድ ካለ ደግሞ ኮዱን ለብራውዘር የሚያዘጋጀው (ቢልድ የሚያደርገው) መሣሪያ ራሱ ያወጣዋል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ፋይል አድርጋችሁ ተገላገሉ ይላሉ።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ የምር ችግሮች ናቸው። ስደርስባቸው እቀበላቸዋለሁ። የቀሩት ግን እዚህ ጅማ ለቡና ሥራ ሲስተም ስንሠራ በዓይኔ ካየሁት ጋር አይገጥሙም። ዝም ብዬ እንዳላልፍ ደግሞ ጽሑፉን አንብበው ነገ ሲስተም የሚሠሩ ልጆች አሉ። ለልምምድ እኛ ቢሮ የመጣች አንዲት ተማሪ ባለፈው ሳምንት ጽሑፉን አሳየችኝና «ታዲያ እኛ ለምን እንከፋፍላለን?» አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ይኼን የምጽፈው ለእሷም ጭምር ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ላስቀምጥ። በጃቫስክሪፕት አንዱ ፋይል ሌላውን የሚጠራበት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከፋይሉ አናት ላይ የሚጻፈው ተራው ኢምፖርት ነው። ቢልድ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ዌብፓክም ሆነ ቪት፣ ይኼን ሲያይ የተጠራውን ሁሉ ሰብስቦ አንድ ላይ ያስረዋል። ሁለተኛው ዳይናሚክ ኢምፖርት ነው። ይኼኛው እንደ ፈንክሽን በኮዱ መሐል ይጻፋል። ትርጉሙ «እዚህ ስደርስ ያን ፋይል አምጣልኝ» ነው። መሣሪያው እዚያ ላይ ይቆርጥና የተቆረጠውን ለብቻው ፋይል ያደርገዋል። ቻንክ የምንለው እሱን ነው። ተጠቃሚው እዚያ ካልደረሰ ቻንኩ አይወርድም። በቃ፣ ይኼው ነው።

የእኛ ሲስተም የተሠራው እሸት ቡና ከገበሬ ለሚገዛ አንድ ድርጅት ነው። አራት ዓይነት ሰው ይጠቀምበታል። ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ ሚዛን ላይ የምትሠራው ልጅ፣ የመጋዘን ኃላፊው፣ ሒሳብ ሠራተኛዋና ሥራ አስኪያጁ። የመዛኟ ገጽ ትንሽ ነው። የገበሬው ስም፣ ኪሎ፣ የዕለቱ ዋጋ፣ «መዝግብ» የሚል ቁልፍ፣ የደረሰኝ ቁጥር። አለቀ። በመጀመሪያው ዓመት ግን ሁሉም ነገር በአንድ ፋይል ነበር። የሥራ አስኪያጁ ግራፎች፣ ወደ ኤክሴል የሚያወጣው፣ ፒዲኤፍ የሚሠራው፣ ጣቢያዎቹ የሚታዩበት ካርታ፣ የሦስት ቋንቋ ትርጉም፣ ሁሉም። ፋይሉ ተጨምቆ 1.9 ሜጋባይት ነበር። ስልኩ ላይ ሲፈታ ከ6 ሜጋባይት በላይ ይሆናል።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቀን ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ወዳለ ጣቢያ ሄድኩ። አመሻሽ ነው። ገበሬው ቀኑን ሙሉ የለቀመውን ቀይ ቡና በማዳበሪያ ሞልቶ፣ አንዳንዱ ተሸክሞ፣ አንዳንዱ በፈረስ ጭኖ ተሰልፏል። እሸት ቡና አያድርም። በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መቡካት ይጀምራል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ስለዚህ ሰልፉ መንቀሳቀስ አለበት። ልጅቷ ስልኳን ከፈተች። ነጭ ስክሪን። ጠበቀች። ስልኩን ከፍ አድርጋ እስከ በሩ ወጣች፣ ተመለሰች። አሁንም ነጭ። ከሰልፉ ፊት የነበሩ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ሚዛኑ ተበላሸ እንዴ?» አሏት። «አይ አባባ፣ ኔቱ ነው» አለች።

ኔቱ ብቻ አልነበረም። ስልኳ ሲያወርድ የነበረው እሷ አንድም ቀን የማትከፍተውን ግራፍና ካርታ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ያን ማታ የመጀመሪያዎቹን ደረሰኞች በእጇ ጻፈች። ወደ ጅማ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ያንን ነጭ ስክሪን ነው።

እንግዲህ ወደ ጸሐፊው ነጥቦች ልግባ።

«ፋሽን ነው።» እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጉግል ዌብ ቱልኪት የሚባለው የጉግል ዌብ መሥሪያ በ2009 ባወጣው ሁለተኛ ቨርዥኑ ኮድ መከፋፈልን ይዞ መጥቷል። ቶቢያስ ኮፐርስ በ2012 ዌብፓክን ሲጀምር ያነሳሳው ዋና ነገር እዚያ ያየው መከፋፈል ነበር። ገጽ የምንሠራበት ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ) ሪአክት «ሌዚ» የሚለውን የመከፋፈያ መንገድ በ2018 በ16.6 ቨርዥኑ ጨመረ። ዳይናሚክ ኢምፖርት ራሱ በ2020 የጃቫስክሪፕት ስታንዳርድ ውስጥ ገባ። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየና ቋንቋው ውስጥ የተጻፈ ነገር ነው።

«ኔትወርኩ ፈጥኗል፤ ሁለት ሜጋ ምን አላት?» ጅማ መሐል ከተማ፣ አጂፕ አካባቢ ካፌ ተቀምጦ ለሚሞክረው ሰው እውነት ነው። እኔም ቢሮ ውስጥ ስከፍተው ወዲያው ይመጣልኝ ነበር። ስህተቴ የመጣው ከዚያ ነው። እኔ የምሠራበት ቦታና ሲስተሙ የሚሠራበት ቦታ ይለያያሉ።

ሒሳቡን እንየው። ላይትሃውስ የሚባለው የጉግል መለኪያ አንድን ገጽ በሞባይል ሲፈትን ፍጥነቱን 1.6 ሜጋቢት በሰከንድ ላይ ይገድበዋል። ሲመነዘር 200 ኪሎባይት በሰከንድ ነው። በዚህ ፍጥነት የእኛ 1.9 ሜጋባይት ለመውረድ ብቻ ዘጠኝ ሰከንድ ተኩል ይፈጃል። ያውም ምልክቱ ሳይቆራረጥ፣ ታወሩን ሌላ ሰው ሳይሻማ። ከቆረጥነው በኋላ ልጅቷ የሚያስፈልጋት 310 ኪሎባይት ሆነ። ይኼ አንድ ሰከንድ ተኩል ነው። ልዩነቱን በሰልፍ ውስጥ በቆመ ሰው አባዙት።

መውረዱ ደግሞ ግማሹ ብቻ ነው። ብዙ ሰው የሚስተው ይኼን ነው። የአንድ ሜጋባይት ፎቶና የአንድ ሜጋባይት ጃቫስክሪፕት ክብደታቸው አንድ አይደለም። ፎቶው ተፈትቶ ይሳላል፣ አለቀ። ጃቫስክሪፕቱን ግን ስልኩ ማንበብ፣ መተርጎም፣ ከዚያም ማስኬድ አለበት። ማስኬዱ የሚካሄደው ደግሞ ሜን ትሬድ በሚባለው አንድ መስመር ላይ ነው። የጣት ንክኪም የሚስተናገደው እዚያው ላይ ነው። መስመሩ በግራፍ ኮድ ሲያዝ «መዝግብ» የሚለው ቁልፍ ስክሪኑ ላይ እየታየ ቢነኩት አይሰማም። ልጅቷ ደግማ ደጋግማ ትነካዋለች። እኛ በአዲስ ላፕቶፕ ስንሞክር ይኼን አናየውም። ላይትሃውስ ራሱ ፕሮሰሰሩን አራት እጥፍ አዝግሞ የሚፈትነው ለዚህ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ ኔቱ ቢፈጥን እንኳ ይኼኛው ዕዳ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅቷ የምትጠቀመው በራሷ ፓኬጅ ነው። የሚወርደው እያንዳንዱ ሜጋባይት ከኪሷ ነው የሚወጣው። ይኼ ለእኔ ከፍጥነቱም ይበልጥብኛል።

«ብራውዘሩ አንዴ ያወረደውን ስለሚያስቀምጥ የሚከፈለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።» ይኼ ነጥብ ሲያዩት ልክ ይመስላል። እንዲያውም ለመከፋፈል ከሁሉ የበለጠው ምክንያት እዚሁ ውስጥ ነው ያለው።

ፋይል ቢልድ ስናደርግ ስሙ ላይ ከይዘቱ የተሰላ ኮድ ይለጠፍበታል፣ ሃሽ የምንለው። ይዘቱ ከተለወጠ ስሙ ይለወጣል። ስሙ ከተለወጠ ብራውዘሩ አዲስ ፋይል ነው ብሎ እንደገና ያወርዳል። ሁሉም በአንድ ፋይል ከታሰረ የአንዲት ቁልፍ ጽሑፍ ብናርም 1.9 ሜጋባይቱ በሙሉ አዲስ ይሆናል። እኛ በቡና ወቅት በሳምንት ሁለት ጊዜ እናወጣ ነበር። ስለዚህ «አንድ ጊዜ ብቻ» የተባለው ክፍያ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል፣ ለእያንዳንዱ ስልክ። ተከፋፍሎ ሲሆን ግን ሪአክትን የመሰሉ ብዙም የማይለወጡ ላይብረሪዎች ለብቻቸው ይቀመጣሉ። የተነካው ቻንክ ብቻ ነው የሚወርደው። የሥራ አስኪያጁን ግራፍ ስናስተካክል መዛኟ ምንም አታወርድም ማለት ይቻላል።

ስልኩ በፎቶና በቪዲዮ ሲሞላ ብራውዘሩ ያስቀመጠውን እንደሚጥልም አትርሱ። በርካሽ ስልክ ይኼ ብዙ ጊዜ ይደርሳል።

ጸሐፊው እግረ መንገዳቸውን «ታዋቂ ላይብረሪ ከሲዲኤን (ፋይል ለብዙ ዌብሳይቶች ከሚያድል የጋራ ሰርቨር) ብትጠሩት ተጠቃሚው ከሌላ ዌብሳይት አውርዶት ይሆናል» ብለዋል። ይኼ ድሮ ይሠራ ነበር። ክሮም ከ86ኛው ቨርዥኑ፣ ከ2020 ጀምሮ፣ ያስቀመጠውን በየዌብሳይቱ ለይቶ ነው የሚይዘው። ሳፋሪ ከዚያም በፊት እንዲሁ ያደርግ ነበር። ከሌላ ሳይት የወረደው ለእኛ አይጠቅምም።

«ፋይል ሲበዛ መመላለሱ ይበዛል።» ብራውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት የድሮ ደንብ፣ በኤችቲቲፒ 1.1፣ ብራውዘሮች ለአንድ ሰርቨር ስድስት ያህል መስመር ብቻ ይከፍቱ ነበር። ሰባተኛው ፋይል ተራ ይጠብቃል። ያኔ ሁሉን በአንድ ማሰር ትክክል ነበር። ኤችቲቲፒ 2 በ2015 ስታንዳርድ ከሆነ በኋላ ግን በአንድ መስመር ብዙ ፋይል ጎን ለጎን ይመጣል።

ይኼ ማለት ግን ኮዱን እንደ ጎመን እንክተፈው ማለት አይደለም። ፋይል ሲያንስ መጭመቂያው በደንብ አይሠራም፤ የሚደጋገም ነገር ነውና የሚጨምቀው፣ ትንሽ ፋይል ውስጥ ድግግሞሽ የለም። ዌብፓክ 5 ራሱ የጋራ የሆነ ኮድ ለብቻው እንዲወጣ ቢያንስ ወደ 20 ኪሎባይት መሆን አለበት ብሎ የሚጀምረው ለዚህ ነው። እኛ ዘንድ በአጠቃላይ 14 ቻንክ ነው ያለው። መዛኟ ዘንድ የሚደርሱት አራት ናቸው።

«ተጠቃሚው በነካ ቁጥር የሚዞር ክብ እያየ ይጠብቃል።» ይኼ የሚሆነው የሚቆረጥበት ቦታ በደንብ ካልተመረጠ ነው። እኔም በመጀመሪያው ሙከራዬ አጥፍቻለሁ። እያንዳንዱን ፖፕ አፕ ለየብቻው ቆርጬ ነበር። ልጅቷ የዋጋ ማስተካከያውን በነካች ቁጥር ለ8 ኪሎባይት ትጠብቃለች። መልሼ ሰበሰብኩት።

አሁን የምንቆርጠው በሦስት ቦታ ነው። በመጀመሪያ በሰው፤ ማን ሎጊን እንዳደረገ ስለምናውቅ የመዛኝ፣ የመጋዘን፣ የሒሳብና የሥራ አስኪያጅ ክፍሎች ተለያይተዋል። ቀጥሎ ከባድ የሆኑ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያስፈልጉ ላይብረሪዎች። ኤክሴል የሚያወጣው ኮድ የሚመጣው «ኤክሴል አውጣ» ሲነካ ነው። ሰውየው ፋይል እስኪዘጋጅለት መጠበቅ እንዳለበት ያውቃል፤ ሁለት ሰከንድ አይከፋውም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ይኼን ለእኛ አገር ሲስተም ሠሪዎች ሁሉ አጥብቄ የምመክረው ነው። የእኛ ሲስተም በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይሠራል። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያነበው በአንዱ ነው። ሦስቱንም ማውረድ ለምን? እያንዳንዱ ቋንቋ አሁን የራሱ ቻንክ ነው። ሰዉ ሲመርጠው ብቻ ይመጣል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነበር። የኢትዮጵያን ቀን ለማሳየት ብቻ አንድ ላይብረሪ ጭነን ነበር። ብራውዘሩ ውስጥ ያለው፣ ቀንና ቁጥር በየአገሩ አጻጻፍ የሚያሳየው ኢንትል የኢትዮጵያን አቆጣጠር በራሱ ያውቃል። ቀን ማሳየት ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ ላይብረሪም ቻንክም አያስፈልግም።

መጠበቅን የሚያስረዝም ሌላ ነገር አለ። ይኼኛው ጸሐፊው ያላነሱት ነው። ገጹ ሲነካ መጀመሪያ ቻንኩ ይመጣል። ቻንኩ ሲነሳ ደግሞ «የዛሬውን ዋጋ አምጣ» ብሎ ሰርቨሩን ይጠይቃል። ዋጋው ሲመጣ ገጹ ይሳላል። አንዱ ሌላውን እየጠበቀ፣ እንደ ወረፋ። መፍትሔው ቀላል ነው። ገጹ እንደተነካ ቻንኩንም ዋጋውንም አንድ ላይ መጥራት። ይኼን ስናስተካክል ሲስተሙ ፈጠነ ብለው የደወሉልን ሰዎች ነበሩ፤ ከፋይሉ ላይ አንድም ባይት ሳንቀንስ። ሪአክት ከ18ኛው ቨርዥን ወዲህ ደግሞ አዲሱ ገጽ እስኪመጣ የድሮው ስክሪኑ ላይ እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ባዶ ስክሪን ማሳየት ግዴታ አይደለም።

ቀጥሎ የሚከፈተውን ገጽ ስልኩ ሥራ ሲፈታ ቀድሞ ማውረድም ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁሉንም ቻንክ ቀድመን ካወረድን የልጅቷን ፓኬጅ መልሰን በላነው ማለት ነው። በክሮም ሰውየው ዳታ ቆጣቢውን ከፍቶት እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ከፍቶት ከሆነ ምንም ቀድመን አናወርድም። ካልከፈተው የሚቀጥለውን አንድ ገጽ ብቻ።

«አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ገጽ ይሰበራል።» እውነት ነው። ከሁለቱ እውነቶች አንዱ ይኼ ነው። እንዴት እንደሚሰበር በደንብ ላሳይ፤ ብዙ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ ነው መከፋፈልን የሚተወው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሲስተሙን ከፍታ ሥራ ጀመረች። እኛ ስድስት ሰዓት ላይ አዲስ ቨርዥን አወጣን። ስናወጣ የድሮዎቹ ፋይሎች ተሰርዘው አዲሶቹ ይተካሉ። የእሷ ብራውዘር ውስጥ ያለው ግን አሁንም የጠዋቱ ነው። የሚያውቀውም የጠዋቱን የፋይል ስሞች ነው። አሥር ሰዓት ላይ የወሩን ክፍያ ሞልታ ጨረሰችና «ኤክሴል አውጣ» አለች። ብራውዘሩ የጠዋቱን ቻንክ ጠየቀ። ሰርቨሩ ላይ የለም። ገጹ ነጭ ሆነ። የሞላችው ሁሉ ጠፋ። ስትደውልልኝ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። የወር መጨረሻ ነበር።

ችግሩን ያከበደው ሌላም ነገር ነበር። የእኛ ሰርቨር የማያውቀው ነገር ሲጠየቅ ዋናውን የኤችቲኤምኤል ገጽ እንዲመልስ ተደርጎ ነው የተዋቀረው። አንድ ገጽ ላይ ለሚሠሩ አፕሊኬሽኖች የተለመደ ነው። ስለዚህ «የለም» በማለት ፈንታ ለጃቫስክሪፕት ጥያቄ ኤችቲኤምኤል መለሰ፣ «ሁሉም ደህና» ከሚል ከ200 ኮድ ጋር። ብራውዘሩ ያልጠበቀው ዓይነት ፋይል ስለሆነ አልቀበልም አለ። ሎጉን (የሰርቨሩን መዝገብ) ስናይ ሁሉም 200 ነው፣ ምንም ስህተት የለም። ምክንያቱን እስክናገኝ ሁለት ቀን ፈጀብን።

ያደረግነው ይኼን ነው። የድሮ ቻንኮች አዲስ ቨርዥን ከወጣ በኋላ ሁለት ሳምንት እንዲቆዩ አደረግን። ዲስክ ርካሽ ነው። ቻንኮቹ ያሉበት ፎልደር ውስጥ የሌለ ፋይል ሲጠየቅ ሰርቨሩ 404 («የለም») ብቻ እንዲመልስ አስተካከልን። ዋናው የኤችቲኤምኤል ገጽ በተከፈተ ቁጥር ሰርቨሩን እንዲጠይቅ፣ ሃሽ ያላቸው ፋይሎች ደግሞ ለአንድ ዓመት እንዲቀመጡ አደረግን። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቻንክ አልመጣ ካለ ቪት የሚያሳውቅበት ኢቨንት አለው። እሱን ይዘን ገጹን አንድ ጊዜ ብቻ ሪፍሬሽ እናደርጋለን፤ ሁለተኛ ካልሆነ «ኔትወርክዎን ያረጋግጡ» ይላል። ግማሹ የተሞላ ፎርም ካለ ግን በፍጹም በራሳችን ሪፍሬሽ አናደርግም። መጀመሪያ የተሞላው ይቀመጣል፣ ከዚያ ሰውየው ይጠየቃል። ይኼ ሁሉ አንድ ሳምንት የማይሞላ ሥራ ነው። አንዴ ነው የሚሠራው።

«ኔት ሲጠፋ ጭራሽ አይከፈትም።» ሁለተኛው እውነት። መብራት ሲሄድ ታወሩም አብሮ ሊደክም ይችላል። ያኔ አንድ ፋይል የሆነ ሲስተም ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ሁሉም ገጹ እጁ ላይ ነው። የተከፋፈለው ደግሞ ያልወረደ ገጽ ሲነካ ይቆማል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ለገጠር ሲስተም ሲሠራ ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን መልሱ ሁሉንም መጫን አይደለም። ሰርቪስ ወርከር የሚባለው ነገር የምንነግረውን ፋይል ቀድሞ ስልኩ ላይ ያስቀምጣል፣ ኔት ሳይኖርም ይከፍተዋል። ለመዛኟ የእሷን አራት ቻንኮችና የመረጠችውን ቋንቋ ብቻ አስቀመጥንላት። ኔት ሲጠፋ ትመዝናለች፣ ትመዘግባለች። ሲመለስ ወደ ሰርቨር ይሄዳል። የአንድ ፋይሉ ሲስተም ያለ ሰርቪስ ወርከር ይኼን አያደርግም፤ ስልኩ ጠፍቶ ከተነሳ ወይም ብራውዘሩ ገጹን ከዘጋው ኔት እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ሰርቪስ ወርከር ካስገቡ ደግሞ ለእሷ የሚሆነውን ለይቶ ማስቀመጥ የሚቻለው ኮዱ ከተከፋፈለ ብቻ ነው።

«ትሪ ሼኪንግ ትርፉን ያወጣዋል።» ትሪ ሼኪንግና መከፋፈል የተለያየ ሥራ ነው ያላቸው። ትሪ ሼኪንግ ማንም የማይጠራውን ኮድ ይጥላል። የሥራ አስኪያጁን ግራፍ ግን ሥራ አስኪያጁ ይጠራዋል፤ ስለዚህ አይጣልም። ለመዛኟ ትርፍ መሆኑን መሣሪያው በምን ያውቃል?

አምስት ገጽ ላላት ትንሽ ሲስተም፣ ሁሉም ሰው ሁሉንም ገጽ ለሚከፍትባት፣ የጸሐፊውን ምክር እኔም እሰጣለሁ። አትቁረጡ። ቪት አንድ ቻንክ ከ500 ኪሎባይት ሲያልፍ፣ ዌብፓክም ፋይሉ ከ250 ኪሎባይት ገደማ ሲያልፍ ያስጠነቅቃሉ። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ጊዜያችሁን ሌላ ነገር ላይ አውሉት። ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ግን በግምት አትሥሩ። ክሮም ውስጥ ዴቨሎፐር ቱልስን ክፈቱ፣ ከቨሬጅ የሚለውን አምጡ፣ የሎጊን ገጻችሁን ሪፍሬሽ አድርጉ። ወርዶ ምንም ያልሠራውን ኮድ በቀይ ያሳያችኋል።

ለልምምድ የመጣችውን ተማሪ ይኼንኑ አሠራኋት። የመዛኟን ገጽ ከፍታ ቀዩን እያየች «ካርታው እዚህ ምን ይሠራል?» አለችኝ። አላመንኳትም። ካርታው ከተቆረጠ ዓመት አልፎታል። ሄዳ ፈለገችው። የጋራ ፋይሎቻችንን በአንድ ላይ የሚያወጣ አንድ ፋይል ውስጥ፣ አንዳችን ከወር በፊት የካርታውን ኮድ ከአናት በተራ ኢምፖርት ጠርተነዋል። አንድ ቦታ እንዲህ ከተጠራ ሌላ ቦታ ላይ ያለው ዳይናሚክ ኢምፖርት ዋጋ የለውም፤ ካርታው ተመልሶ ዋናው ፋይል ውስጥ ይገባል። ቢልድ ስናደርግ ቪት አስጠንቅቆን ነበር፣ ማንም አላነበበውም። አሁን ዋናው ፋይል ከ350 ኪሎባይት ካለፈ ቢልዱ ራሱ እንዲቆም አድርጋዋለች። ማስተካከያውን ዛሬ ጠዋት ላከችልኝ፤ ከሰዓት በኋላ እናወጣዋለን።